ጎንበስ ብሎ ለሚያይ፦ ሎችን በቤት ውስጥ ማርባት

አኳሪየም የሚሸጥበት ሱቅ የሚገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከመሃልና ከላይ በሚዋኙት ዓሦች ላይ ነው። ጉፒው ጭራውን ዘርግቶ፣ ኒዮን ቴትራው መስመሩን እያብለጨለጨ ፊት ለፊት ይመጣል። ከታች፣ ከእንጨቱ ሥር፣ ጢሙን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ምግብ የሚፈልገውን ዓሣ የሚያየው ግን ጎንበስ ያለ ብቻ ነው። እኔን ለዓመታት ያስጎነበሰኝ እሱ ነው፤ ሎች ይባላል። ስለ አያያዙ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልገው ያጡ ወዳጆቼ ደጋግመው ስለጠየቁኝ የማውቀውን እነሆ።

የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ባለው አርሊንግተን ነው። ሥራዬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲሆን የሌሊት ተረኛ ነኝ። ተረኛ በማልሆንባቸው ቀናትም እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኔ ፈጦ ይቀራል። ከሎች ጋር ያወዳጀን ይኸው ነው፤ አብዛኛው ሎች ቀኑን ተደብቆ ይውልና የቤቱ ሰው ሲተኛ ይወጣል። ቀን ቀን ባዶ የሚመስል ገንዳ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወለሉ ሁሉ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የሎችን ነገር መተው ይቸግረዋል።

ሎች የሚለው መጠሪያ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዝርያዎችን ያቅፋል። ሁሉም ካርፕና ባርበስ በሚገኙበት ክፍለ መደብ ውስጥ ይመደባሉ፤ የሚበዙትም በእስያ ነው። አንዳንዱ እንደ ጣት አጭርና ወፍራም፣ አንዳንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ከድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖርም አለ። የሚያመሳስላቸው ኑሯቸው ነው። አፋቸው ወደ ታች የዞረ፣ ዙሪያውን ጢም ያለው ነው፤ በዚያ ጢም በጨለማ እየዳሰሱና እያሸተቱ ይበላሉ። ቅርፊታቸው እጅግ ደቃቅ ነው ወይም ጭራሹን የለም። ብዙዎቹ ከዓይናቸው ሥር የሚታጠፍና የሚዘረጋ እሾህ አላቸው። ሲደነግጡ እሾሁን ዘርግተው ይቆልፉታል፤ ስለዚህ ሎችን በመረብ ማውጣት ዓሣውንም መረቡንም ይጎዳል። ውሃ በያዘ ኩባያ ወይም በላስቲክ ዕቃ ቀስ አድርጎ መቅዳት ይሻላል።

እምነቴ አንድ ነው፤ ለሎች የሚሆን ገንዳ ከወለሉ ጀምሮ ነው የሚሠራው። ሰው ብዙውን ጊዜ መብራቱንና ከኋላ የሚለጠፈውን ሥዕል ይመርጥና ወለሉ ላይ ያገኘውን ባለ ቀለም ጠጠር ይበትናል። ሎች ግን አሸዋውን በአፉ ዘግኖ፣ የሚበላውን ለቅሞ፣ የቀረውን በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ጠርዙ የሾለ ጠጠር ጢሙን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ቦታ ይቆስላል፣ ጢሙ ያለቀበት ሎች ደግሞ ምግቡን ማግኘት ያቅተዋል። ስለዚህ ደቃቅና ድቡልቡል የወንዝ አሸዋ፣ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጌ አነጥፋለሁ። ከላዩ የእንጨት ሥር፣ ለስላሳ ድንጋይ፣ በጎኑ የተጋደመ የሸክላ ዕቃ፣ የደረቀ ቅጠል ይኖራል። መደበቂያ ካበዛሁ ዓሦቼ አይታዩኝም ብሎ የሚሰጋ ሰው ተሳስቷል። መሸሻ እንዳለው የሚያውቅ ሎች ተዝናንቶ ይወጣል፤ መሸሻ ያጣ ደግሞ ማሞቂያው ጀርባ ተሸጉጦ ይከሳል።

ክዳኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሎች ከላይ ያገኛትን ጠባብ ክፍተት ተከትሎ ይወጣል፤ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ ይገኛል። የማጣሪያው ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ ሳይቀር በስፖንጅ መወተፍ አለበት። ውሃ የሚስበው አፍም እንዲሁ ስፖንጅ ይልበስ፤ ቀጭኖቹ ሎቾች እየገቡ ይጠፋሉ።

ከወለሉ ቀጥሎ የሚመጣው ጓደኛ ነው። አንድ ሎች መግዛት ዓሣውን መበደል ነው። ከስድስት ያነሱ ሲሆኑ ይፈራሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ ይውላል። ቁጥራቸው ሲበዛ በመካከላቸው ታላቅና ታናሽ ይለያል፤ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ተከታትለው ይመገባሉ። ክላውን ሎች የሚባለው ዝርያ ለበላይነት ሲፎካከር የሰውነቱ ቀለም ለጊዜው ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ሲበላም ከሩቅ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። አንዳንዴ በጎኑ ተጋድሞ ይተኛል። አዲስ ገዢ የሞተ መስሎት ሲደነግጥ ተነሥቶ ይዋኛል።

ስለዚሁ ስለ ክላውን ሎች ጠንከር አድርጌ የምናገረው አለኝ፤ ከሎች ሁሉ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነውና። ብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት ሰፋፊ ጥቁር መቀነቶች ያሉት፣ ቀይ ክንፍ ያለው ውብ ዓሣ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፒተር ብሌከር የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ሲሆን፣ ዘመኑም 1852 ነው። ሀገሩ ኢንዶኔዥያ፣ የሱማትራና የቦርንዮ ወንዞች ናቸው። በዝናብ ወራት ትልልቆቹ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ጎርፍ ባጥለቀለቀው ሜዳ ይራባሉ፤ ጫጩቶቹ ይያዙና ወደ ዓለም ይላካሉ። ሱቅ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚታየው ይህ ዓሣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከ20 ዓመት በላይም ይኖራል። ስድስቱን አብሮ ለማኖር ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ፣ ከ450 ሊትር የማያንስ ገንዳ ያስፈልጋል። ውሃው፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲደመሩ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝናሉ። የአፓርትመንት ወለል ይህን መሸከሙን ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። ቤት ውስጥ እንዲራባ ማድረግም እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ እርሻዎች የሚያራቡት ሆርሞን እየወጉ ነው። ቤትዎ ሰፊ ካልሆነና ሃያ ዓመት አብሬው እቆያለሁ ካላሉ አይግዙት።

ይልቅ ለተራ ሳሎን የሚሆኑ ትናንሾች አሉ። ከሕንድ የምዕራብ ጋትስ ተራሮች የሚመጣው ቦቲያ ስትሪያታ ከስምንት ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ገላው በሙሉ በቀጫጭን መስመሮች የተሸለመ ነው። አምባስታይያ ሲድቲሙንኪ ከዚያም ያንሳል፤ 1959 ላይ በስም የተመዘገበ የታይላንድ ዓሣ ሲሆን ቀን ቀን ከመሃል ወጥቶ የሚዋኝ፣ ከሎች ሁሉ ተግባቢው ነው። ሁለቱም በትውልድ ወንዞቻቸው የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ተብለው ተመዝግበዋል። ስለዚህ ሻጩን በእርሻ የተራባ ነው ወይስ ከወንዝ የተያዘ ብሎ መጠየቅ የገዢው ግዴታ ነው። መልስ የሌለው ሻጭ ዘንድ አልገዛም።

ውሃውን በተመለከተ ደግሞ፣ እኛ የምንጠጣው ከፖቶማክ ወንዝ የተጣራውን ነው። በየቧንቧው ሲሄድ እንዳይበከል ክሎራሚን ይጨመርበታል፤ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ለጥቂት ሳምንታት በክሎሪን ይተካል። ክሎሪን በባልዲ ቢያድር ይተናል፤ ክሎራሚን ግን አይተንም። ለሰው የማይጎዳው መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ ውሃ ስቀይር ሁልጊዜ የማርከሻ ጠብታ እጨምራለሁ። አዲስ ገንዳም ዕለቱን ዓሣ አይገባበትም። የዓሣ ኩስ አሞኒያ ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ የመጨረሻውን ሳምንታዊ የውሃ ቅየራ ያስወግደዋል። ባክቴሪያዎቹ ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ላቦራቶሪ ስለምሠራ ይሆናል ይህ ትዕግሥት የማይከብደኝ፤ መመርመሪያው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸውን እስኪያሳየኝ ድረስ ወደ ሱቅ አልሄድም።

በሽታን በአጭሩ ላንሳ። ሎች ቀድሞ የሚያዘው በነጭ ነጠብጣብ ነው፤ አዋቂዎቹ ኢክ ይሉታል። ነጠብጣቡ ከቆዳ ሥር የገባ ጥገኛ ሕዋስ ነው። እዚያ እያለ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲወድቅ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ እነዚያም ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው የሚገደሉት። ሙቀቱን ቀስ እያሉ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ይህን ዑደት ያፈጥነዋል፤ ሞቃት ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው የአየር ፓምፕ ይታከልበታል። የሎች ቆዳ በቅርፊት በሚገባ ያልተሸፈነ በመሆኑ መዳብ ያለበት መድኃኒት በቀላሉ ይጎዳዋል፤ በማሸጊያው ላይ ለሎች የሚሆን መጠን ተጽፎ እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል። ከወንዝ የተያዘ ሎች እየበላ የሚከሳ ከሆነ ደግሞ የሆድ ትል ይጠረጠራል። ለበግና ለፍየል የትል መድኃኒት ሆኖ የሚታወቀው ሌቫሚዞል ለእሱም ይሠራል።

አሁን ልቤ ወዳለበት ልሂድ፤ ወደ ኩሊ ሎች።

ኩሊ ከስምንት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቀጭን፣ ቢጫማ ገላው በጥቁር ቡናማ ቀለበቶች የተከፋፈለ ዓሣ ነው። የትውልድ ቦታው በወደቁ ቅጠሎች ቀለሙ ቡናማ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የደን ውሃ ነው። ስሙን ያገኘው ሃይንሪክ ኩል ከተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ ኩል ጃቫ ደርሶ ዓመት ሳይሞላው፣ 1821 ላይ፣ ገና 24 ዓመት ሳይደፍን እዚያው አረፈ። ዛሬ በሱቅ ኩሊ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ፓንጂዮ ሴሚሲንክታ የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አያያዛቸው አንድ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሳሎን ስትገባ የምግብ ሰዓታቸው ነበር። «ኧረ በስመ አብ! እባብ ነው እንዴ ቤትሽ ያስገባሽው?» አለች። «ዓሣ ነው እማዬ፤ ጢሙን እዪው፣ ክንፉንም እዪ» አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ከዚያ ወዲያ እስክትሄድ ድረስ ማታ ማታ የሚያበላቸው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «ይቺ ወፍራሟ ሆዷ አረንጓዴ ነው፤ ምን በልታ ነው?» ብላ ያሳየችኝም እሷ ናት።

ምንም አልበላችም፤ እንቁላል ይዛ ነው። የኩሊ እንቁላል ደማቅ አረንጓዴ ነው። ሴቷ ስትደርስ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ አረንጓዴው ከሆዷ ጎን በግልጽ ይታያል። ወንዱ ከእሷ ይቀጥናል፤ የደረቱ ክንፍ ግን ሰፋ፣ ጠንከር ያለ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከላይ ከማየት መስታወቱ ላይ ሲያርፉ ከጎን ማየት ይሻላል፤ ሌሊት ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪ ብጠቀም አይሸሹኝም።

ኩሊን ለማራባት ሆርሞን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የደን ረግረጉን ወቅት ማስመሰል ነው። ሰባ አምስት ሊትር የሚይዝ ለብቻው የሆነ ገንዳ አዘጋጃለሁ። ማጣሪያው በአየር የሚሠራ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ጫጩት አይውጥም። ወለሉ ላይ ስስ አሸዋ፣ ከጥጉ የጃቫ ሞስ የተባለ የውሃ ተክል ክምር፣ ከላይ ሥራቸው ረዘም ያለ ተንሳፋፊ ዕፅዋት ይኖራሉ። በመከር ወቅት መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ የለቀምኩትን የደረቀ የኦክ ቅጠል አፍልቼ እጨምራለሁ፤ ውሃው የሻይ ቀለም ይይዛል። የፖቶማክ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ማዕድኑ በወጣለት የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ አቀጥነዋለሁ። ሙቀቱ 26 ዲግሪ ነው።

ከዚያ የበጋው ወራት ይመጣል። ለጥቂት ሳምንታት ውሃውን የምቀይረው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከፍታውም ትንሽ ዝቅ ይላል። ምግቡ ግን ይበዛል፦ በበረዶ የተቀመጠ የትንኝ እጭ፣ አርቴሚያ የሚባል ደቃቅ የጨዋማ ውሃ ፍጥረት፣ ካገኘሁም በሕይወት ያለ ትል። ሴቶቹ እየወፈሩ፣ አረንጓዴው እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻ ክረምቱን አመጣለሁ። ከገንዳው ሙቀት በሦስትና በአራት ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ፣ ማዕድን የሌለበት ውሃ በቀጭን ቱቦ ከላይ እንደ ካፊያ እያንጠባጠብኩ ግማሹን እለውጣለሁ። ከውጭ እውነተኛ ዝናብ ሲመጣ፣ የአየሩ ግፊት ሲወርድ ብጀምረው እመርጣለሁ፤ ያን ጊዜ ዓሦቹ ራሳቸው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

ሌሊቱን የሚሆነውን ላውጋችሁ። መጀመሪያ ወለሉን የማይለቀው ዓሣ ወደ ላይ ይወጣል። አንዲት ሴት ከፊት፣ ሁለት ሦስት ወንዶች ከኋላ ሆነው መስታወቱን ዳር ዳር ይዞራሉ። ተንሳፋፊዎቹ ሥሮች ውስጥ ሲገቡ ይጠማዘዛሉ፣ ይተሻሻሉ፣ ለአፍታ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ ከሥሮቹ መካከል አረንጓዴ ነገር ይፈስሳል። ከጤፍ ፍሬ ጥቂት ከፍ የሚሉ እንቁላሎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሥሩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ የሚበዙት እየተንሳፈፉ ወደ ሞሱ ይወርዳሉ። ዓሦቹ ሲጨርሱ ዞር ብለው የራሳቸውን እንቁላል መልቀም ይጀምራሉ። ለዚህ ነው ያን ሌሊት አልተኛም የምለው። ትልልቆቹን በላስቲክ ዕቃ እየቀዳሁ ወደ ቀድሞ ገንዳቸው እመልሳለሁ።

እንቁላሉ የሚፈለፈለው በአንድ ቀን ገደማ ነው። የነጣው እንቁላል ያልዳበረው ነው፤ ሻጋታው ወደሌሎቹ እንዳይተላለፍ በጠብታ መምጠጫ ይለቀማል። ጫጩቱ እንደወጣ ብርጭቆ የመሰለ ክር ነው፤ በእጅ አጉሊ መነጽር ሲታይ ሁለት ጥቁር ዓይኖችና የምትመታ ቀይ ነጥብ ይለያሉ፤ ነጥቧ ልቡ ናት። አስኳሉን እስኪጨርስ አይበላም። ከዚያ በሞሱ ላይ የሚገኙትን ደቃቅ ነፍሳት፣ ቀጥሎ ማይክሮ ዎርም የሚባለውን ትል፣ ከፍ ሲልም ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ ይሰጠዋል። አርቴሚያ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን ይፈለፈላል፤ ስለዚህ ከምግቡ አንድ ቀን ቀድሞ መጣድ አለበት። በዚህ ጊዜ ጠላቱ የምግብ ትርፍ ነው፤ ጫጩቱ የሚኖረው ወለሉ ላይ ስለሆነ የሚበሰብሰው ሁሉ አፍንጫው ሥር ነው። በየቀኑ በአየር ቱቦ ጥቂት ጥቂት ውሃ ከወለሉ እስባለሁ፤ የሳብኩትንም ከመድፋቴ በፊት በነጭ ሳህን ላይ አየዋለሁ። ከሳምንታት በኋላ ቀለበቶቹ ሲወጡ ገና ከጥፍር የማይበልጥ ኩሊ ታያላችሁ።

ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ጫጩት ያገኙ ብዙ ናቸው። ዕፅዋት የበዛበት፣ ለወራት ያልታወከ ገንዳ ያለው ሰው አንድ ቀን ማጣሪያውን ሲከፍት ከጭቃው ውስጥ ትንንሽ ኩሊዎች ይወጣሉ። እንቁላሉ ተስቦ ገብቶ፣ ትልልቆቹ በማይደርሱበት ጨለማ፣ ተፈልፍሎ፣ ጫጩቱ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን እየበላ አድጎ ነው። ስለዚህ ኩሊ ያለው ሰው የማጣሪያውን ስፖንጅ ከመጭመቁ በፊት ውሃውን በሳህን ገልብጦ ይመልከት።

ሙቀት የማይፈልግ ሎች ለሚሻ ሰው ከማዕከላዊ ቬትናም ፈጣን ወንዞች የሚመጣው ሰዌሊያ ሊኒዮላታ አለ። ጠፍጣፋ ነው፤ ክንፎቹ ተዘርግተው ድንጋይ ላይ ያጣብቁታል። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊትና ብዙ ኦክስጅን ግን የግድ ነው። የሚበላው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽፋን ስለሆነ፣ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ በሚያገኝ ባልዲ ውሃ ውስጥ ድንጋይ አስቀምጬ አረንጓዴ ሲለብስ ከገንዳው ድንጋይ ጋር አለዋውጣለሁ። ቤት ውስጥ ይራባል፤ ጠጠር መካከል የወደቀው እንቁላል ተፈልፍሎ፣ አንድ ጠዋት መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ነጠብጣብ የሚያህል ጫጩት ይታያል።

የአየር ሁኔታ ሎች ስለሚባለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአውሮፓው ዝርያ ሚስጉርኑስ ፎሲሊስ ማዕበል ከመምጣቱ በፊት ስለሚቅበጠበጥ ሰዎች ድሮ በማሰሮ ያኖሩት ነበር። የምሥራቅ እስያው ዘመዱ በሩዝ ማሳ ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ ከውሃው ወለል አየር ውጦ በአንጀቱ የሚተነፍስ ነው፤ ቅዝቃዜን ይችላል፣ ጭቃን ይችላል። ይህ ጥንካሬው አደጋ ሆኗል። ከቤት ገንዳ የተለቀቁና ከዓሣ እርሻ ያመለጡ ሎቾች በአሜሪካ በበርካታ ግዛቶችና በአውስትራሊያ ወንዞች ተራብተው የሀገሬውን ዓሣ እየተሻሙ ነው። የማይፈልጉትን ዓሣ ወደ ሱቁ ይመልሱ፣ ለሌላ ሰው ይስጡ፤ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይልቀቁ።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው ሎች የሚገኝባት ሀገር ኢትዮጵያ መሆኗን ያወቅኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። በ1902 ጆርጅ ቡላንጀር የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም የዓሣ ሊቅ ከጣና ሐይቅ፣ ከባሕር ዳር የተገኘች ትንሽ ዓሣ መዝግቦ «አቢሲኒከስ» የሚል የዝርያ ስም ሰጣት። ዛሬ ከነወገኗ አፍሮኔማኬይለስ ትባላለች። በ2013 ደግሞ ከኦሞና ከቱርካና ተፋሰስ ሁለተኛዋ ተመዘገበች፤ «ካፋ» ተብላለች። የቅርብ ዘመዶቻቸው ያሉት እስያ ነው። በድንጋይ መካከል ባለ ክፍተት የሚኖር እንዲህ ያለ ዓሣ ተፋሰሱ ሲራቆትና ደለል ሲሞላ ከሁሉ ቀድሞ ቤቱን ያጣል፤ ትንሽ ስለሆነና ለገበያ ስለማይቀርብ ደግሞ መጥፋቱን የሚያስተውል ዓሣ አጥማጅ አይኖርም።

ለዚህ ነው ቃሌን በባሕር ዳርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ለሚማሩ ወጣቶች የማደርገው። ለኩሊ የዘረዘርኩት ሁሉ፣ ገንዳው፣ አሸዋው፣ የስፖንጅ ማጣሪያው፣ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ፈቃድ አግኝታችሁ፣ መምህራኖቻችሁን ይዛችሁ፣ ጥቂት የጣና ወይም የኦሞ ሎቾችን በጥንቃቄ አኑሩ። ምን እንደሚበሉ፣ በየትኛው ሙቀት እንደሚራቡ፣ እንቁላላቸው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቀን በቀን መዝግቡ፤ የመዘገባችሁትንም በአማርኛ አሳትሙት።